እትዬ ካውያ እና ያልተደወለው ስልክ

ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ካውያ የሚላቸው አክስታችን ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1949 ዓ.ም. ተወለዱ። ከሰባት ልጆች አምስተኛዋ ቢሆኑም በሙግት አንደኛ እንደነበሩ ታላላቆቻቸው ይመሰክራሉ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንዳጠናቀቁ በአንድ ሆቴል የልብስ ንጽሕና ክፍል ተቀጠሩ። በ1973 ዓ.ም. የሆቴሉን ሾፌር አግብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። ቆይተውም መንገድ ዳር ባለችው የቤታቸው የፊት ክፍል የራሳቸውን ላውንደሪ ከፈቱ። ፊቱን አጨማዶ የገባ ደንበኛ እንደ ሸሚዙ ተፈትቶ ነበር የሚወጣው።

በ2008 ዓ.ም. የመብራት ድርጅቱ አሮጌውን ቆጣሪ ነቅሎ፣ ንባቡን በራሱ ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚልክ አዲስ ቆጣሪ ተከለ። በዓመቱ የቤቱ ፍጆታ ያለ ምክንያት እጥፍ ሆነ። እትዬ ካውያ የጠረጠሩት ጓሮ ካለችው ክፍል የሚኖሩትን የባላቸውን እህት ነው።

«ምድጃ ደብቀሻል! ክፈቺ፣ ልይ!»

«እትዬ፣ ሲተኩስ የሚውለው ማነው? እኔ ነኝ?» አሉ እህትየዋ፤ በራቸውንም ወለል አድርገው ከፈቱላቸው። ከአንዲት አምፖልና ከአንድ ሬዲዮ በቀር የተገኘ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በአንድ ግቢ እየኖሩ ተኳረፉ።

ኤሌክትሪኩ ግን ወደ መሬት ይፈስ ነበር። ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው ሽቦ ልባሱ ተልጦ ከውኃው ቧንቧ ጋር ተነካክቷል። አንድ ቀን ጠዋት ባላቸው ሊታጠቡ ቧንቧውን እንደያዙ ቀሩ።

እትዬ ካውያ ሐዘን ሳይወጡ ድርጅቱ ዘንድ ሄዱ። ኃላፊው ኮምፒውተሩን ከፍቶ ሲያይ የቤቱ ፍጆታ ከወራት በፊት ጀምሮ «ያልተለመደ» ተብሎ በቀይ ተለይቷል።

«አይታችሁ ለምን አልደወላችሁልንም?»

«እማማ፣ የእኛ ኃላፊነት እስከ ቆጣሪው ነው። ከቆጣሪው ወዲያ ያለው የደንበኛው ነው።»

«ከቆጣሪው ወዲያ ያለው ባሌ ነበር!»

ያን ዕለት ማታ የጓሮዋን ክፍል አንኳኩተው «በድዬሻለሁ» አሉ። እህትየዋም «ይቅር ብዬዎታለሁ፤ ወንድሜን ግን ዝም ብዬ አልቀብርም» ብለው አብረዋቸው ከሳሽ ሆኑ።

ክሳቸው ግልጽ ነበር። ያላየ አይወቀስም፤ አይቶ ዝም ያለ ግን በምን አፉ ይከራከራል? ክፍያ አንድ ሳምንት ሲዘገይ ደውሎ «እንቆርጣለን» የሚል ድርጅት፣ ሰው ሊሞት ሲል ስልኩ ከየት ይጠፋዋል? የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ለድርጅቱ ፈረደ። ይግባኝ አሉ። ድርጅቱ አስታራቂ ልኮ ክሱን ካነሱ እንደሚክሳቸው ቢነግራቸው፣ «ለባሌ ክፈሉኝ መቼ አልኩ? ለጎረቤቴ ደውሉለት ነው ያልኩት!» ብለው አስታራቂውን ሸኙት።

እስከዚያው እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ከቤት ቤት እየዞሩ፣ ሁሉን አጥፍቶ ቆጣሪውን ማየት፣ ያኔም ከቆጠረ ኤሌክትሪሺያን መጥራት እንደሚገባ አስተማሩ። የዳቦ ጋጋሪው ቤት ብልሽት የተገኘው በዚህ ነው፤ ጋጋሪውም ከነልጆቻቸው ዛሬ ከመካከላችን ቆመዋል። ድርጅቱ መሥራት የነበረበትን አንዲት ልብስ ተኳሽ ሠሩለት፤ ምስጋና እንኳ አላወቀም።

እትዬ ካውያ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። ሐኪሙ «መናደድ የለብዎትም» ቢላቸው፣ «እንዳያናድዱኝ ለነሱ እዘዝላቸው፣ ልጄ» አሉት። ማክሰኞ ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ። ሦስት ልጆቻቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውና እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ያስታመሟቸው የባላቸው እህት ቀርተዋል።

ይግባኙ ገና አልተፈረደም። ከሳሿ ሞተዋልና መዝገቡ ይዘጋልን ብሎ ሊያመለክት ያሰበ ካለ ቀለሙን አያባክን፤ ሁለተኛዋ ከሳሽ በሕይወት አሉ፣ እኛም ከኋላቸው አለን። ፈጣሪ ለአክስታችን ነፍስ ዕረፍት ይስጥልን፤ ለእኛ ግን ፍርዱ እስኪሰጥ ድረስ ዕረፍትን ይንሳን።