ነጥብ ሃያ አንድ

ለወንድሜ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እንዴት ነህ? ባለቤትህስ? ልጆቹን ጉንፋን ይዟቸዋል ተብሎ ነበር፣ ተሻላቸው? ሰላምታ የእኔ ሳይሆን የአላህ ስለሆነ ነው የማልነፍግህ፤ እኔማ ብነፍግህ ደስ ይለኝ ነበር። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ጉልበቴ ያው ነው፣ ደረጃ አልወድም ይላል። ስልኬን ስለማታነሳ ይህን ለአዳማው ሚኒባስ ሹፌር ሰጥቼልሃለሁ። ወረቀት እንደ ስልክ ጆሮዬ ላይ አይዘጋም፤ ብትቀደውም መጀመሪያ ታየዋለህ።

ማክሰኞ ጠዋት ሳምቡሳ ዘይት ውስጥ እየጨመርኩ ሳለሁ ሳብሪና የምትባለው ያንተ መሬት ለኪ፣ ሰርቬየሯ፣ መጣች። ባለ ሦስት እግር መሣሪያ ይዛለች፤ ሙከሚል የሚባል ሠራተኛ ደግሞ መዶሻና አንድ ጆንያ ችካል ተሸክሞ ከኋላዋ አለ። ልጅቷ ሥነ ሥርዓት አላት፣ ላንተ የምትሠራ አትመስልም። የወንድምሽን ሕንፃ ነጥብ ልንተክል ነው አለችኝ። የእሱ ድርሻ ከአጥሩ ወዲያ ነው፣ እንደፈለጋችሁ ትከሉ አልኳት። ሻይም ቀዳሁላት። ጥፋቴ እሱ ነው።

እዚያ ታች ሲተክሉ ሲተክሉ ቆዩና ወደ አራት ሰዓት ላይ ሙከሚል መስታወት ያለበትን ዘንግ ይዞ ወጥ ቤቴ ገባ። ምን ጠፋብህ አልኩት። እሷ በበሩ በኩል ከውጭ በመሣሪያው እያየችው፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ኋላ፣ በቃ እዚያው ቁም አለችው። የት መሰለህ የቆመው? በምድጃዬና በዱቄት በርሜሌ መካከል! ነጥብ ሃያ አንድ እዚህ ነው አለች። ያንተ ወሰን ጥግ መሆኑ ነው። ነጥብ አራት ደግሞ፣ ኮለን የሚሉት የፎቁ ምሰሶ እግር የሚቆፈርበት፣ ከዘይት ጀሪካኖቼ ሥር ሆነ። ሲሚንቶዬን በመሮ በሱና ብረት መቱበት።

ቁርስ ሊበሉ የመጡት ጫት ጫኞች ሁሉ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ባለ ባጃጁን ኦብሳን ታውቀው የለ፣ አፉ አያርፍም። አዴ፣ ወንድምሽ ፎቁን ሳምቡሳ ላይ ሊያቆመው ነው እንዴ፣ ሞቅ ያለ መሠረት ፈልጎ ነው አለ። ሳቁብኝ። በገዛ ቤቴ።

ማን ነው ይሄን ያዘዘው ብዬ ሳብሪናን ያዝኳት። ታብሌቷን አውጥታ አስረዳችኝ። አንተ አዳማ ተቀምጠህ ሕንፃውን ኮምፒውተር ላይ ሠርተሃል። መስመርና መስመር በሚገናኙበት ሁሉ፣ በወሰኑም ጥጎች ላይ፣ ጠቅ ጠቅ እያደረግህ ነጥብ አስቀምጠህ ቁጥር ሰጥተሃል። ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ነጥብ ወደ ምሥራቅ ይህን ያህል፣ ወደ ሰሜን ይህን ያህል ብሎ ይጽፍለታል። ዝርዝሩን በቴሌግራም ትልክላታለህ፣ እሷ መሣሪያው ላይ ትጭነዋለች፣ መሣሪያው ደግሞ መሬቱ ላይ የት እንደሆነ ይነግራታል። ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፣ ግን ገባኝ።

ያልገባኝ ሌላው ነው። ሥዕልህን አየሁት። ፎቅህ ከነቀለሙ አለ፣ ደረጃው፣ መስኮቱ፣ ደጁ ላይ የቆመች መኪና ሳትቀር። ዛፍ እንኳ አለህ፣ ገና ያልተተከለ። የእኔ ቤት ያለበት ግን ነጭ ነው። ባዶ። ወጥ ቤቴ የለም፣ ጣሪያዬ የለም፣ አባባ ታሞ የተኛበት ክፍል የለም። አንተ የሌለ ዛፍ ተክለህ ያለችውን እህትህን ሠረዝካት።

የወሰኑ ድንጋይ ያው ቆሟል፣ ለምን ከድንጋዩ አልጀመረም አልኳት። እሱ የጀመረው አባታችሁ በሕይወት እያሉ በወጣው ካርታ ላይ ካሉት ቁጥሮች ነው፣ አስፋልቱ ዳር ካለው የማዘጋጃ ቤት ምልክት ጋርም አይቼዋለሁ፣ ይገጥማል አለችኝ። ከድንጋዩ እስከ ችካሉ ያለውን በእግሬ ሄድኩበት። ሦስት እርምጃ ተኩል ነው።

አንተ ልጅ፣ ያ ድንጋይ ሲተከል አብረን አልነበርንም? እኔ የተዳርኩ ዓመት ነው። አባባ ላይኛው ላንቺ፣ ታችኛው ላንተ ብሎ ከፈለው። ጉድጓዱን ቆፈረና ድንጋዩን ከማስገባቱ በፊት ለሁለታችንም እፍኝ እፍኝ ከሰል ሰጥቶ ጣሉበት አለን። እንጨት ይበሰብሳል፣ ሰው ይሞታል፣ ከሰል ግን እንዳለ ይቆያል አለ። አንተ የዒድ ነጭ ልብሴ ጠቆረ ብለህ አለቀስክ። ያኔም የምታስበው ለልብስህ ነበር። ታዲያ ያን ድንጋይ ትተህ ከወረቀት ትጀምራለህ?

ሳብሪና ፊቴ ስትደውልልህ ድምፅህ ይሰማ ነበር። እህቴን ሰላም በይልኝ አላልክም። አትከራከሪያት፣ ነጥቡ የወደቀበት ትከዪ አልክና ዘጋህ። አባባን ስድስት ዓመት ያጠብኩት፣ ያገላበጥኩት፣ በማንኪያ ያጎረስኩት እኔ ነኝ። አንተ በዒድ ብቅ ትልና አጠገቡ ፎቶ ተነስተህ ትመለሳለህ። ለዚያ ሁሉ ማን ሦስት እርምጃ ለካልኝ? ይህቺ ቁርስ ቤት ከተዘጋች ልጄን ሑዘይፋን በምን አስተምረዋለሁ፣ ያንተን ኮለን ቀቅዬ?

ስለዚህ እንደሄዱ ነቀልኩት። ወገቤ እስኪንቃቃ ነው የታገልኩት። ነጥብ አራትንም ነቀልኩና ሁለቱንም ቦይ ውስጥ ወረወርኳቸው። ረቡዕ ተመልሳ መጣች። አልተቆጣችም። መሣሪያዋን አቆመች፣ ሙከሚል ዘንጉን ይዞ ገባ፣ ግራ ቀኝ ሲል ቆየና ዘንጉ እኔ የነቀልኩበት ቀዳዳ ውስጥ ዘጭ አለ። እትዬ፣ ነጥቡ ያለው ችካሉ ላይ አይደለም፣ ችካል ቢነቀል እሱ አይነቀልም አለችኝ። በጥፊ ብላት ደስ ይለኝ ነበር፤ ሻይ ቀዳሁላት።

ቀዳዳው በእኔ ትግል ሰፍቶ ስለነበር ችካሉ አልይዝ አለ። እንግዲያው በሲሚንቶ እንሙላው፣ ትንሽ ቆፍርለት አለችው። ሙከሚል ክንድ የማይሞላ ቆፈረ። አፈሩ እየጠቆረ መጣ። ከዚያ ከሰል ወጣ። አንድ እፍኝ፤ ከዚያ ሌላ እፍኝ። ሙከሚል ቀና ብሎ አየኝ። እሷም አየችኝ። ወጥ ቤት ውስጥ ከሰል ቢወጣ ምን ይገርማል፣ በምን የምጠብስ መሰላችሁ አልኳቸው። ኦብሳ ሳቀ። ሳብሪና አልሳቀችም። ወለሉ ሲሚንቶ የሆነው መቼ ነው ብላ ጠየቀችኝ። የሑዘይፋ አባት ነው ያደረገው፣ አባባ በሞተ በዓመቱ፣ ምድጃው ገና ሳይገባ አልኳት። ይህን ካልኩ በኋላ ምላሴን ነከስኩ። እሷ ጉድጓዱን ራሷ ሞላችው፣ ከሰሉን ግን ለብቻ በላስቲክ አድርጋ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችልኝ። እስካሁን እዚያው ነው። ከእሷ አፍ ከምትሰማው ብዬ ነው እኔ የጻፍኩልህ።

አሁን ስማኝ። ሰኞ ኤክስካቫተር ከሚኤሶ ይመጣል ተብሏል። ፊቱ አልቆምም፣ አትፍራ። ጀሪካኖቹን በረንዳ ላይ አውጥቻቸዋለሁ። ችካሉንም አልነካሁትም፤ ደንበኛ እንዳይሰናከልበት ቆርቆሮ ደፍቼበታለሁ። ግን አንተ ራስህ ሳትመጣ ማንም ባዕድ ግድግዳዬን አይነካም። ቤቴ ከተቆረጠ ዓይኔን እያየህ ይቆረጥ። ያን ሥዕልህንም ይዘህ ና። የቀረውን ቤቴን እዚያ ነጩ ላይ ትሠራዋለህ፤ ምድጃው ወዴት እንደሚዞር እኔ በጣቴ አሳይሃለሁ፣ አንተም ነጥብ አድርገህ ቁጥር ትሰጠዋለህ። ይህን ካላደረግህ እህት የለህም፤ ይህን ሳልቆጣ ነው የምነግርህ።

አላህ ልጆችህን ያሳድግልህ። ፎቅህንም ያቁምልህ፤ ጥላው ብቻ ቁርስ ቤቴ ላይ አይውደቅ። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፣ እሷ ምንም አላደረገችኝም።

እሑድ ጠዋት እዚህ ድረስ። ነጭ ሸሚዝ አትልበስ። ያ ድንጋይ ለአንድ ሰው አይነሳም፤ ያኔ ስናዛውረው የሑዘይፋ አባት ነበረልኝ፣ አሁን ብቻዬን ነኝ።

ታላቅ እህትህ