የሃምሳ አለቃ ቦጋለ ዓይን

እሑድ

ለላሊበላ ከተማና ለአካባቢዋ ሕዝብ በሙሉ የሚከተለውን በታላቅ ደስታ እናስታውቃለን፦ ከትናንት ጀምሮ የገባበት ጠፍቶ ሲፈለግ የዋለው የሰርካለም ሆቴል የቴሌቪዥን ሪሞት ዛሬ ከሰዓት በኋላ በሕይወት ተገኝቷል። የተገኘው የሩዝ ጆንያ ውስጥ ነው። እንዴት እንደገባ ምርመራው ቀጥሏል። ባለሆቴሏ የልጅ ልጄ ሰርካለም ቃሏን ስትሰጥ «አባባ፣ የደበቁት እርስዎ ነዎት» ብላለች። ክሱን አልተቀበልኩም።

ሌላ የሚያስደስት ወሬ የለም። ጉልበቴ የጥቅምት ብርድ ገብቶበታል። ሆቴሉ ውስጥ ያለው እንግዳ አንድ ፈረንጅ ብቻ ነው፣ እሱም ሆዱን አሞት ተኝቷል። ሰርካለም ባዶ ወንበር ስትወለውል ማየት ራሱ ያደክመኛል።

የእሑዱን የፖሊስ ድራማ ሁልጊዜ የማየው ከሞላ ጋር ነው። ሞላ ጎረቤቴም አብሮ አደጌም ነው። ሁለቱንም ዓይኑን ሞራ ጋርዶት ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለየው። ንግግሩን እሱ ይሰማል፣ ምስሉን እኔ እነግረዋለሁ። «አሁን ማን ገባ?» ይላል። «ሃምሳ አለቃ ቦጋለ።» «ፊቱስ?» «ተቆጥቷል፤ ሪዙን ይጠመዝዛል።» ሞላ ከድራማው ሰው ሁሉ የሚወደው ቦጋለን ነው። እኔም እወደዋለሁ።

ዛሬ ግን ሞላ አልመጣም። ረቡዕ የዓይን ሐኪሞች ጋሸና ከተማ እንደሚመጡ ሚስቱ ዘነቡ ሰምታ፣ ሳትነግረው ስሙን አስመዝግባለች። ሲያውቅ ተቆጥቶ በሩን ዘጋ። ብቻዬን አየሁ። ሁለት ጊዜ ወደ ባዶው ወንበር ዞሬ አወራሁ። ሰርካለም አየችኝና ወንበሩን እንደገና መወልወል ጀመረች። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር።

የዛሬው ክፍል ደጋ አገር ነው። የአንድ ገበሬ የእህል ክምር ተቃጥሎ አገሬው አውጫጭኝ ተቀመጠ። ሰርካለም «ምንድን ነው እሱ?» ብላ ጠየቀችኝ። የከተማ ልጅ! አገሩ ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ወጥቶ፣ አጥፊው እስኪገኝ ማንም ወደ ቤቱ የማይገባበት የአባቶች ምርመራ ነው አልኳት። አይቶ ለመናገር የፈራ ሰው ለሽማግሌ በጆሮው ይነግራል። ሽማግሌው ተነሥቶ «ወፍ እንዲህ ብላ ነገረችኝ» ይላል። ወፏ ማን ናት ተብሎ አይጠየቅም። መጠየቅም መናገርም ነውር ነው።

ያማረልኝ፦ ሽማግሌዎቹ ቀለም የተቀቡ ጎረምሶች አይደሉም፣ እውነተኛ ሽማግሌዎች ናቸው፤ የሚያስሉትም ከልባቸው ነው። ዝናቡም ዝናብ ነው። ቦጋለ ካፖርቱን ለአንድ አሮጊት ሲያለብስ እንባዬ መጣ፤ ብርድ ነው አልኩ።

ያላማረልኝ ግን አንጀቴን አሳረረው። ወፏ አንዲት ባልቴት ናት፣ የነገረችው ለቦጋለ ነው። ኢንስፔክተሯ ማኅደር «ምስክር ካላመጣህ የጠረጠርነው ሰውዬ ነገ ይለቀቃል» አለችው። ቦጋለም ተናገረ! ስሟን ከነአባቷ ጠራ። አጥፊው እስር ቤት ገባ፣ ሙዚቃው ጮኸ። ባልቴቷ ጓዟን ሸክፋ ካገሯ ስትወጣ አለቀ። ይህን የጻፈው ሰው እዚህ አገር ምሳ በልቶ ያውቃል?

ሪሞቱን ወደ ሩዙ መለስኩት።

ሰኞ

ዘነቡ በጠዋት መጣች። ሻይ አልጠጣም አለች፤ ዘነቡ ሻይ እምቢ ካለች ነገሩ ከባድ ነው።

«አያ ተገኘ፣ አንቱ ካልነገሩት የማንንም አይሰማም። ባለፈው ከገዛ ደጃፉ ወድቆ ግንባሩን ተፈነከተ። ደግሞ ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ብቻዬን ካልሄድኩ ይላል። ያንን ገደል ያውቁታል።»

አውቀዋለሁ። ሐኪሞቹ ከረቡዕ በኋላ ወደ ሌላ አገር ነው የሚያልፉት። ተመልሰው የሚመጡበትን የሚያውቅ የለም።

ሄድኩ። ሞላ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀምጧል።

«ልትሰብከኝ ከመጣህ መንገዱ ያው ነው» አለኝ።

«ግድግዳው ምን አለህ?»

«ካንተ ያነሰ ያወራል።»

ትንሽ ቆይቶ እውነቱን አወጣው። ፈርቷል። «ጭላንጭል አለችኝ፤ የዘነቡ ጥላ በበሩ ስታልፍ ይታየኛል። እሷንም ቢወስዱብኝስ?» እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ በቅሎ ሳከራይ የኖርኩ ሰው ነኝ።

«ተወው። ይልቅ ቦጋለ ምን አደረገ?» አለ።

እዚህ ላይ ነው የተያዝኩት። ሞላ ዓይኑ ደህና ሳለ በደብሩ አውጫጭኝ ወፍ የሚሰማ ሽማግሌ ነበር። በትከሻው ላይ ስንት ወፍ አርፋለች! እስካሁን ለዘነቡ እንኳ አንድ ስም አልነገራትም። እንዲህ ላለ ሰው ቦጋለህ ወፏን ሸጣት ብዬ ልንገረው? ደክሞኝ ነበር። እውነት ለመናገር ጉልበት ያስፈልጋል።

«አውጫጭኝ ላይ የሰማትን ወፍ ተናገር ቢሉት እምቢ አለ። ጥርሱን ነከሰ» አልኩት።

ሞላ ከግድግዳው ወደ እኔ ዞረ። «አላልኩህም! እና?»

ምላሴ ከሄደች አትመለስም። «እና ኢንስፔክተሯ ወረቀት ሰጥታ አንብብ አለችው። አቃተው። ለካ ዓይኑን ሞራ ጋርዶት ነበር።»

«ቦጋለን?»

«ቦጋለን።»

«እኛንም ደብቆን!»

«እኛንም ደብቆን። ኦፕራሲዮን ገባ። እህል ፈጭቶ የሚመለስ ሰው ያህል ቢቆይ ነው፤ አንድ ዓይኑን በነጭ ፋሻ ታሽጎ ወጣ። ሪዙን አልነኩበትም።»

ሞላ የዓይኑን ቆብ በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ «አመመው?» አለኝ፣ በቀስታ።

«ፊቱ ላይ አልታየም» አልኩ። ይህ እንኳ እውነት ነው፤ ያልሆነ ነገር ፊት ላይ አይታይም።

ማክሰኞ

ለሞላ ያልኩትን ስነግራት፣ ድራማውን ያላየ ሰው በዚህ ከተማ እንደሌለ ያስታወሰችኝ ሰርካለም ናት። «አባባ፣ አንድ ሰው አፉ ቢያመልጠው ምን ሊሆኑ ነው?» አለችኝ።

ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የሞላ በር ላይ ዘብ ቆምኩ። ማለቴ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። መስቀል ሻጩ ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል አንገቱን አስግጎ «አያ ሞላ፣ የእሑዱን ሰማህ ወይ፣ ያ ቦጋለ...» ብሎ ሲጀምር ሳል ያዘኝ። ሳሉ አላቆም አለኝ። ሰውዬው ደንግጦ ውሃ ሊያመጣልኝ ሮጠ፣ ውሃውን ጠጥቼ አመስግኜ ሸኘሁት። የዘነቡ የክርስትና ልጅም መጣች፤ ሞላ ተኝቷል አልኳት። ሞላ ከውስጥ «አልተኛሁም!» ብሎ ጮኸ። በእንቅልፉ ነው አልኳት።

ሰርካለም ምሳ አምጥታልን ሄደች። ወገቤ ተቆረጠ። በዚህ ዕድሜዬ የሃምሳ አለቃ ስም የማስጠብቅ ዘበኛ ሆንኩ፣ ያውም ስሙን ራሱ ላበላሸ ሃምሳ አለቃ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሞላ ዘነቡን ጠራት። «ያን ነጩን ጋቢ አውጪልኝ። ሐኪም ፊት በዚህ አልቀርብም።»

ዘነቡ ወደ እኔ አየችና አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ ሰማይ ሰማይ አየሁ።

ረቡዕ

ጋሸና። ይህ ንፋስ ምን በድለነው ነው? ሚኒባሱ ውስጥ ሞላ ክንዴን ጨምቆ ያዘኝ፤ ሲበቃው ደግሞ መንገዱን ይሰድባል። ዘነቡ ከኋላችን ሆና ትጸልያለች፣ በመሐል «ቀስ በል በለው ሹፌሩን» ትላለች፣ ተመልሳ ትጸልያለች።

እንደኛ ያሉ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ግድግዳ ተደግፈው ይጠብቃሉ። ሁሉም የሌላውን ሳል ያዳምጣል። የሞላ ስም ሲጠራ ተነሣ፣ ዱላውን ለእኔ ዘረጋ።

«ቦጋለ ሲገባ ዱላውን ለማን ሰጠ?»

«ለኢንስፔክተሯ።»

«እሷ ካንተ ትሻላለች» አለና ገባ።

እኔ ደግሞ ምን አስጨነቀኝ! እሱ ውስጥ እያለ ወደ አስፋልቱ ወርጄ የከባድ መኪና ሹፌሮች የሚበሉበት ቤት ገባሁ። ጥብስ አዘዝኩ። በደንብ የበሰለ፣ ቃሪያ የበዛበት። ሳህኑን ጠራርጌ በላሁ። ባለቤቷን «ባል ካላገባሽ እኔ አለሁ» አልኳት፣ «ጥርስ ካለዎት እንነጋገራለን» አለችኝ። ስመለስ ሞላ ወጥቷል። አንድ ዓይኑ በነጭ ፋሻ ታሽጓል፣ ጋቢው ላይ ጠብታ እንኳ የለም።

«እህል ፈጭቶ የሚመለስ ሰው ያህል ነው ያልከኝ? ዋሽተሃል፤ ከዚያም ያጥራል» አለ።

ፋሻው ነገ ነው የሚፈታው። ካየ አየ፤ ካላየ ግን ጭላንጭሏን ያስወሰድኩበት እኔ ነኝ። እዚሁ ነው የምናድረው።

ሐሙስ

ፈቱለት።

መጀመሪያ ያየው እኔን ነው፤ ሆን ብዬ ፊት ለፊቱ ቆሜ ነበር። ብዙ አየኝ። «ተገኘ» አለ፣ «ምን ሆነህ ነው እንዲህ ያረጀኸው?»

«አንተን ስመራ» አልኩት።

ዘነቡ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እሷም ማርጀቷን እንዳያይባት ፈርታ መሰለኝ። «ግለጪው እንጂ፤ እዚህ ድረስ የመጣሁት ግድግዳ ለማየት ነው?» አላት።

በመንገድ ላይ ያየውን ሁሉ ስም እየጠራ መጣ። ገብስ። በግ። የወደቀ ምሰሶ። በግ። እኔ እንቅልፍ ወሰደኝ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ዛሬ ለማንም ምንም መንገር አልነበረብኝም።

ቅዳሜ

ነአኩቶ ለአብ ደርሶ ለመሳም ሄድን። ቁልቁለቱን ከፊቴ ወረደ። «አያ ተገኘ፣ እዚህ ጋ ድንጋይ አለ» እያለ ያሾፍብኛል። ዘነቡ ዛሬ ቤቷ ቀረች፤ ከእንግዲህ ገደሉን አልፈራውም አለች።

የምፈራው እኔ ነኝ። ነገ እሑድ ነው። ሞላ ቴሌቪዥኑን በዓይኑ ያያል፤ ቦጋለ ፋሻ የለውም። ሪሞቱን ዱቄቱ ውስጥ ብቀብረውስ? ሰርካለም ግን ሪሞቱን መቀነቷ ላይ አስራዋለች።

እሑድ

ሞላ ከሁሉም ቀድሞ መጥቶ ከፊት ተቀመጠ። ነጩን ጋቢ ለብሷል፣ ለቦጋለ ሲል።

ቦጋለ ገባ።

«ይሄ ማነው?»

«ቦጋለ ነው።»

«ይሄ መላጣ?»

«መላጣ ነው።»

«ሪዙስ?»

እንግዲህ ይታወቅ፦ ቦጋለ ሪዝ ኖሮት አያውቅም። ሪዙ የሞላ የራሱ ነው፤ በጎረምሳነቱ ገበያ ሲወጣ የሚጠመዝዘው። ቆንጆ ሪዝ ነበር፣ ጠፍቶ መቅረቱ አሳዝኖኝ ለቦጋለ አለበስኩት። «ለኦፕራሲዮኑ ላጭተውት ይሆናል» አልኩ።

ሞላ ከቴሌቪዥኑ ዓይኑን ሳይነቅል «ኦፕራሲዮን አልገባም» አለ። «ወፏንም ተናግሯል።»

«ማን ነገረህ?»

ያኔ ዞሮ በአዲሱ ዓይኑ አየኝ። «ወፍ ነገረችኝ።»

«መቼ?»

«ማክሰኞ።»

ማክሰኞ! በሩ ላይ ተሰክቼ ዋልኩ። ከእኔ ሳል አልፎ የገባ ሰው የለም፣ ምሳ ካመጣችልን በቀር። ወደ ሰርካለም ዞርኩ። ንጹሕ ብርጭቆ እንደገና ታጥባለች። መጠየቅ ግን አልችልም። ነውር ነው ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

«ታዲያ ውሸት መሆኑን እያወቅህ ለምን ሄድክ?» አልኩት።

«ቦጋለ ቃሉን በልቷል። ስለ እሱ ብዬ አልሄድም» አለ ሞላ። «ለእኔ ብሎ ቀኑን ሙሉ ብርድ ላይ ተቀምጦ የሚያስል ውሸታም ግን ፊቱ ምን እንደሚመስል ማየት አማረኝ። አየሁት። አያምርም።»

ድራማው ቀጠለ። ቦጋለ የደንብ ልብሱን አውልቆ፣ ሸሽታ የሄደችውን ባልቴት ፈልጎ ደጇ ላይ ቆመ። አንኳኳ። ይህን ጥሩ ሠርተውታል፣ ባልወድም አመንኩ። በሩ ሊከፈት ነው ስንል መብራት ጠፋ።

ሰርካለም ሻማ ልትፈልግ ገባች። በጨለማው ውስጥ ሞላ ክንዴን እንደ ዱሮው ያዘኝ።

«ከፈተችለት?» አለኝ።

«እያሰበች ነው» አልኩ።

«አትቸኩል። ይገባዋል፣ ትንሽ ብርድ ይምታው» አለ።

መብራቱ እስካሁን አልመጣም። በሻማ ነው የምጽፈው፣ ደክሞኛል። ከመተኛቴ በፊት አንድ ነገር ላርም፦ የጋሸናው ጥብስ ውሸት ነው። ባለቤቷም የለችም፣ ቃሪያውም የለም። ሞላ ውስጥ እያለ ከበሩ ፈቀቅ አላልኩም፤ ዱላውን በሁለት እጄ ይዤ ቆሜ ነበር፣ ጠብታ ውሃ አልወረደልኝም። ደግሞ ረቡዕ ቀን ጥብስ! ስዋሽ እንኳ ጾሙን ረስቼዋለሁ።