ጠረጴዛው ላይ ያልተጻፈው ውርርድ

ሬኖ፣ ኔቫዳ
ማርች 9 ቀን 2024

ለውድ እናቴ ለቨርና፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ስልኬን ስለማታነሺ ነው መጻፌ። ትናንት ዲዋይት ደውሎልኝ ነበር። ወንድሜን ታውቂው የለ፣ ሲናደድ ድምፁ ዝቅ ይላል። «እዚህ አጠገባችን ካዚኖ ተከፍቷል። እማዬ ካልወሰድከኝ እያለች ነው። ያስለመድካት አንተ ነህ፣ አንተው አስተዋት» ብሎ ዘጋብኝ።

አልተሳሳተም። ባልሽ፣ የእንጀራ አባቴ ሃርላን፣ ከሞተ በኋላ ባዶ ቤት መዋል ሲያስጠላሽ፣ በየቀኑ ከምሳ በኋላ እኔ ወደምሠራበት የዳይስ ጠረጴዛ መምጣት ጀመርሽ። የሠራተኛ ዘመድ እዚያ መጫወት ክልክል ነው። የምትጠሪው በሃርላን ስም ስለሆነ ግን ማንም አልጠረጠረም። እኔም እንደማላውቅሽ ሆንኩ። ቤት «አንቺ» የምልሽን እናቴን «እርስዎ» እያልኩ፣ በረጅሙ ዱላ ሁለቱን ዳይስ፣ ባለ ስድስት ገጽ ኩቦቹን፣ ወደ ወርዋሪው እየገፋሁ፣ የተቀጠርኩበትን ጩኸት እጮህ ነበር፦ «ጥንድ ስምንት! ለአንድ ዘጠኝ! ማነው የሚያሲዝ?» አንቺም የጠራሁትን ሁሉ ታስይዢ ነበር። ልጅሽ ነኛ።

አንድ ማክሰኞ አለቃዬ ከጀርባዬ ቆሞ ሳለ፣ «የቱ ይሻለኛል፣ የኔ ልጅ?» አልሽኝ። ክው አልኩ። «ጥንድ ስምንት ጥሩ ይከፍላል፣ እመቤት» አልኩሽ። ሃምሳ ዶላር አስያዝሽ። ስድስትና ሁለት ወጣ።

«ስምንት! ስምንት እኮ ነው!» ብለሽ አጨበጨብሽ።

አጠገብሽ የነበረው ባለ ኮፍያ፣ «አይ እማማ! አራትና አራት ሲመጣ ነው እንጂ የሚበላው» ብሎ ሳቀብሽ። እኔም አብሬው ፈገግ አልኩ።

ያን ቀን ያልነገርኩሽን ዛሬ ልንገርሽ። ጥንድ ስምንት የሚመጣው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። የሚያስበላሽ ግን በአስር ነው፤ ሰባት በስድስት መንገድ ይመጣል፣ ጥንድ ያልሆነው ስምንት በአራት። ስለዚህ ለአንድ አስር መክፈል ሲገባው ቤቱ፣ ማለት ካዚኖው፣ ዘጠኝ ይከፍላል። ያቺ የጎደለችው አንድ ናት ካዚኖውን የምታኖረው። «ማንኛውም ሰባት» እያልኩ የምጮኸውማ ይብሳል፤ ካስያዝሽው መቶ ዶላር አስራ ሰባት የሚጠጋው ለቤቱ ነው። ዳር ላይ ያለው የማለፊያ መስመር ከመቶው አንድ ተኩል እንኳን አይወስድም። እዚያ አስይዘሽ ነጥብ የሚሉት፣ ከሰባት በፊት መደገም ያለበት ቁጥር፣ ከወጣ በኋላ ደግሞ ከኋላው የምትጨምሪው ውርርድ አለ። በትክክለኛው ልክ ይከፈላል፣ ቤቱ አምስት ሳንቲም አያተርፍበትም። አያበለጽግሽም፣ ግን አይዘርፍሽም። ስሙ ጠረጴዛው ላይ አልተጻፈም። እኔም አንድ ቀን ጠርቼው አላውቅም።

«አለቃዬ ቆሞ ነበር» እያልኩ ራሴን ብዙ ጊዜ አጽናንቻለሁ። ግን የዚያኑ ሳምንት እሑድ ወጥ ቤትሽ ቁጭ ብዬ የድንች ሰላጣሽን ስበላ፣ «ክሊፍተን፣ አጨዋወቴ ልክ ነው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ከሁለታችን በቀር ማንም አልነበረም። «ዕድል ነው፣ እማዬ» ብዬ ድንች ጨመርኩ።

በበላሽ ቁጥር «ይቺ ለልጆቹ» እያልሽ ለእኛ ለሠራተኞቹ በገንዘብ የሚመነዘረውን የመጫወቻ ጠጠር ጉርሻ ትተዪ ነበር። በጁላይ በዚያ ጉርሻ የመኪናዬን ሞተር አስቀየርኩ። በኦክቶበር ቤትሽ ለዕዳ ተሸጠ።

ዲዋይት ወደ ቤቱ ሊወስድሽ ሻንጣሽን ሲጭን ልሰናበትሽ መጣሁ። እጄን እንደ እንግዳ ሰው ጨበጥሽና፣ «እርስዎም ደህና ይሁኑ» አልሽኝ። ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር።

አትሂጂ የምልበት አፍ የለኝም። ከሄድሽ ግን መስመሩ ላይ ትንሽ አስይዢ፣ ዱላ የያዘውን ሰው አትስሚው። ደግ ሰው ይመስልሻል። ደሞዝ የሚበላው በዚያ ነው።

አምላክ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ዲዋይትንና ልጆቹን ይጠብቅልሽ። ሌላም ልጽፍልሽ የሚገባ ነበረኝ፤ ግን ፈረቃዬ ደርሷል፣ ልግባ።

ልጅሽ
ክሊፍተን