ጓጉንቸር ላይ የተንጠለጠለው የይለፍ ቃል

ጥቅምት 3
ገበያ ቀዝቅዟል። ሁለት ማጠፊያ፣ አንድ የበር እጀታ። ባለ ሦስት ቁጥር ጓጉንቸር ለአንድ ደንበኛ ሳሞግስ ልጄ ደረሰች፤ ሒሳብ አስተማሪ ናት። "ማንም አይከፍተውም" እያልኩ ነበር። ሰውዬው እንደወጣ፣
"አባዬ፣ አሥር በአሥር በአሥር ሺህ ነው። አንዱን በሦስት ሰከንድ ብሞክር በሃምሳ ደቂቃ ሁሉንም ጨረስኩ።"
"ሃምሳ ደቂቃ ማን ይቆማል?"
"ሌባ ሌላ ምን ሥራ አለው?"
የኮምፒውተሬን ፓስወርድ ጠየቀችኝ። 1234... ቁልፍ ነጋዴ ነኝ እንግዲህ።

ጥቅምት 4
አዲስ አወጣችልኝ። አሥራ ሁለት ቦታ፤ ለእያንዳንዱ ትልቁም ትንሹም የእንግሊዝኛ ፊደል ከነቁጥሩ፣ ስልሳ ሁለት ምርጫ። አባዝታ አባዝታ ሦስት ጻፈችና ሃያ አንድ ዜሮ ደረደረችለት። "በቃልህ ያዘው፣ እንዳትጽፈው!"
ኢሜይሌንም የሆስፒታሉ የቁልፍ ጨረታ የሚገባበትን ገጽም በእሱ ቀየርኩ።
በቃሌ? የሚስቴን ስልክ እንኳ በቃሌ አላውቅም። የዋጋ ካርቶን ላይ ጽፌ ሦስት ዓመት ማንም ያልነካው ትልቁ የነሐስ ጓጉንቸር ላይ አንጠለጠልኩት። የዕቃ ቁጥር ይመስላል። ማን ይጠረጥራል? ብልጥ ነኝ።

ጥቅምት 10
ጓጉንቸሩ የለም።
"ሸጥኩታ!" አለች ባለቤቴ። "ለዳቦ ጋጋሪው። አንተ ሦስት ዓመት አቧራ ያበላኸውን እኔ በአንድ ጠዋት!" እንዳመሰግናት ትጠብቃለች።
የሆስፒታሉ ጨረታ ነገ ይዘጋል። የሁለት መቶ አርባ በር ቁልፍ። ዋጋ የሚላከው በኮምፒውተር ብቻ። ከአሥራ ሁለቱ ዘጠኙን አስታውሳለሁ። ልጄ ጋ ደወልኩ፤ እሷም አልያዘችውም።
"ሦስት ብቻ ከቀረማ ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት ሺህ ሙከራ ነው፣ አባዬ።"
አምስቴ ከተሳሳትኩ ይቆለፋል። በኢሜይል ላስቀይረው? ኢሜይሉም የሚከፈተው በዚያው ነው... የራሴን በር የምነቀንቅ ሌባ ሆንኩ። ሥራውንም አልቻልኩበት።
ዳቦ ቤቱ ተዘግቷል። ነገ በጠዋት።

ጥቅምት 11
ዳቦ ቤት ስደርስ ገና ምድጃው እየጋለ ነበር።
"ካርቶኗን? እሳት ውስጥ ጨመርኳት" አለ። ፊቴን ሲያይ ደነገጠ። "ምነው ጋሼ፣ ዋስትናው እሷ ላይ ነበር እንዴ? ሞዴሉ ደረሰኙ ላይ አለ'ኮ!"
ከኪሱ አወጣው። በባለቤቴ ቆንጆ የእጅ ጽሑፍ፣ "ሞዴል" ከሚለው ፊት ለፊት... አሥራ ሁለቱም። አንድ ሳይጎድል።
ከምሳ በፊት ዋጋችን ገባ። ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት።
"እኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው" አለች። "መደበቁን ለብልጦች ትቼዋለሁ።"

ጥቅምት 25
ጨረታው የእኛ ሆነ።
የይለፍ ቃሉም ተቀየረ። ዓይናችንን ጨፍነን ከመዝገበ ቃላት አራት ቃል አወጣን። ልጄ አስልታ "ይበቃል" አለች። ባለቤቴ አራቱን አገጣጥማ አንድ የሚያስቅ ታሪክ ሠራችባቸው፤ ልርሳው ብልም አልችልም። የትም አልተጻፈም። እዚህም።
ዛሬ ሱቁ በሰው ተሞልቶ ሳለ ዳቦ ጋጋሪው ገባ። ደረሰኙን ከፍ አድርጎ፣ "ጋሼ፣ እንደዚያኛው አንድ ይጨመርልኝ፣ ሞዴሉ..." ብሎ አሥራ ሁለቱንም አንድ በአንድ፣ ጮክ ብሎ አነበበ። ባለቤቴ አቀርቅራ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።
"ያ ሞዴል አልቋል" አልኩት።