አራተኛዋ ተጋባዥ

ውድ እትዬ፣

እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? ጉልበትሽ ደረጃ ስትወጪ ማቃሰቱን ተወልሽ? እማዬስ እንዴት ሰነበተች፤ መድኃኒቷን ትውጣለች ወይስ አሁንም ትራሷ ሥር ትደብቃለች? ጋሼስ፣ ባልሽ፣ ቀልዱ አላለቀበትም? እኛ በአካል ደኅና ነን፤ ባለቤቴም ሁለቱ ልጆችም ይበላሉ፣ ያድራሉ። ሌላውም ደኅና ነው ብልሽ ግን ውሸት ይሆንብኛል። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ነገ የምትሳፈረው የአምባሳደሩ ጸሐፊ ናት፤ በፖስታ አላመንኩትም። ከጋሼ በቀር ለማንም አታሳዪ፤ ስትጨርሺ አቃጥዪው።

አምና አራስ ልትጠይቂኝ የመጣሽ ጊዜ ሰዉ ሁሉ እዚህ አገር ሥልጣን ገና በያዘው ሰውዬ ይስቅ ነበር። ዳቦ ጋጋሪው በሬዲዮ የሚጮኸውን ድምፁን እያስመሰለ ሲያስቀን፣ ይሄ ደግሞ ስንት ወር ይቆያል ብለሽ ነበር። ቆየ እኮ እትዬ! አሁን ያው ዳቦ ጋጋሪ የሰውየውን ፎቶ ከመደርደሪያው በላይ ሰቅሎታል፤ ተሰልፈን ስንቆም አንድ ሰው ትንፍሽ አይልም። የሕንጻችን ዘበኛም ደብተር ተሰጥቶት ማን ማን ቤት እንደገባ ይጽፋል። ልጆቼን ሲያቅፍ የኖረ ሰው ዛሬ ዓይኔን አያይም።

አሁን ጥፋቴን ልንገርሽ። ለኤምባሲያችን ዓመታዊ ግብዣ የተጋባዦቹን ስም የምጽፈው እኔ ነኝ፤ የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል እየተባልኩ። ዘንድሮ የአገሩ ፕሮቶኮል መሥሪያ ቤት ዝርዝሩ አስቀድሞ ይድረሰኝ አለ። ለእንግዶቹ ደኅንነት ነው ተባለ፤ እኔም አመንኩ። ባለሥልጣናቱን በአንድ ወረቀት፣ የቤታችንን ወዳጆች በሌላ ወረቀት፣ ከነሥራቸው ከነአድራሻቸው በተራ ቁጥር ደረደርኳቸው። ደግሞ አንዲት ፊደል ተበላሸችብኝ ብዬ እንደገና ገለበጥኩት፤ እጄን ይቁረጠውና!

ከግብዣው በኋላ በሳምንቱ ጋዜጠኛው ወዳጃችን ተወሰደ። የማይሆን ነገር ጽፎ ይሆናል አልን። ቀጥሎ የትልቁ ልጄ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ተወሰደ። በሦስተኛው ሳምንት ከላያችን የሚኖረው ጠበቃ ሲወሰድ ሚስቱን ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት፤ ቤቱን ሲፈትሹ በግብዣው ላይ ከውጭ ሰዎች ጋር ምን አወራህ ይሉት እንደነበር ነገረችኝ። ገብቼ የዝርዝሩን ቅጂ ከመሳቢያ አወጣሁ። አንደኛ ጋዜጠኛው፣ ሁለተኛ ዳይሬክተሩ፣ ሦስተኛ ጠበቃው። እኔ በጻፍኩት ተራ ነው የሚለቅሟቸው።

አራተኛዋ ሐኪሟ ናት። ትንሹን ልጅ ያዋለደችኝ፣ አንቺ ደግሞ በሕፃን አስተቃቀፍ ሙግት ገጥመሻት አንዳችሁም ሳትረቱ የተለያያችሁት።

በማግስቱ በቀትር፣ ትንሹ ታሟል ብዬ ታቅፌው ክሊኒኳ ሄድኩ። ታማሚ የተባለው ግን ተራ የሚጠብቀውን ሰው ሁሉ እያየ ይስቃል፤ ጉዴን ሊያወጣ! ገብቼ ሁሉንም ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣኝ በተሻለኝ ነበር። የቀሩትን ሁለት ሕመምተኞች አየች፣ እጇን ታጠበች፣ ነጭ ልብሷን ሰቀለችና ከእኔ ጋር በኤምባሲው መኪና መጣች። እኛ ቤት፣ የዲፕሎማት ቤት ነውና፣ ፖሊስ አይገባም፤ እስካሁን አልገባም። ዘበኛው ግን በር ላይ አይቶን ደብተሩን ገለጠ። ምን እንደጻፈ አላውቅም። ከአምስተኛው ጀምሮ ያሉትንም በየቤታቸው እየዞርኩ ነገርኳቸው፤ አንዳንዱ አመሰገነኝ፣ አንዳንዱ በሩን ፊቴ ላይ ዘጋው። ስለተወሰዱት ሦስቱ ግን ያደረግሁት ነገር የለም፤ እሱ ያንገበግበኛል።

ባለቤቴን ታውቂዋለሽ። ሻይ ሲያማስል ማንኪያው ድምፅ እንዳያሰማ የሚጠነቀቅ፣ ዝም አይነቅዝም እያለ ሃያ ዓመት ያገለገለ ሰው ነው። ሐኪሟን ሳሎን ተቀምጣ ሲያያት ካፖርቱን ሳያወልቅ ቆመ። ሰኞ ዕለት በዲፕሎማቶች ቤት የሚኖር ሰው ሁሉ ይመዝገብ የሚል ቅጽ መጣ። ቅጹን ከፊቴ አስቀመጠና፣ የእጅ ጽሑፍሽ ያምራልና አንቺው ጻፊ አለኝ። ንግግሩ አጥንቴ ድረስ ዘለቀ፤ ግን ይገባኛል። የራሱን፣ የእኔን፣ የልጆቹን ስም አጻፈኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የአንቺን ስም ተናገረ፤ ታላቅ እህት በይ አለኝ።

አምና የተሰጠሽን የመኖሪያ ካርድ ስትሄጂ መመለስ ነበረብን፤ ይሄ ሰው በሕይወቱ የረሳው ነገር ቢኖር እሱን ነው። ጊዜው ሊያልፍ ገና ሁለት ወር ይቀረዋል። ጉንፋን ይዞሽ ፊትሽ ያበጠበት፣ ካላቃጠልኩት ያልሽው ፎቶ ነው ያለበት፤ ማንንም ይመስላል፣ እሰይ! ፓስፖርቷ ጠፍቷል ብሎ ለሐኪሟ በስምሽ የጉዞ ወረቀት ሠራላት። ማኅተሙንም ራሱ መታበት። በትዳር ዘመናችን ሁሉ እንደዚያን ቀን ወድጄው አላውቅም። ከዚህ ስትወጪ የመዘገበሽ የአውሮፕላን ማረፊያው ነው፤ ቅጹ የሚሄደው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። ሁለቱ እንደማይነጋገሩ፣ ማረፊያውም የአምናውን መዝገብ እንደማይገልጥ ይምልልኛል። እኔ ግን እፈራለሁ እትዬ፣ በጣም እፈራለሁ።

ቅዳሜ ለዕረፍት ብለን እንመጣለን። ሳላስፈቅድሽ ስምሽን ወሰድኩ፤ ይቅር በይኝ። ይህ እንደደረሰሽ አጎታችን ዘንድ ሂጂና እስከ ቅዳሜ ማታ ሰው እንዳያይሽ፤ ሥራም ቅሪ። እማዬ ውሸት አትችልበትም፤ ስለዚህ ወደ እኔ መሄድሽ ነው ብለሽ ተሰናበቻት፤ ለጠየቃትም ያንኑ ትናገራለች። የዚህ አገር ሰዎች እዚያም ዓይን አላቸውና አውሮፕላን ማረፊያ እንዳትመጪ። ጋሼ ይምጣና ሚስቱን ይቀበል። ጉንጯን ይሳማት፣ ሻንጣዋን ይያዝላት፣ ሳቁን ደግሞ ይቻል። እንዳያበዛውም ንገሪው!

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ትልቋን ልጅሽን፣ ያቺን ተከራካሪያችንን፣ ፈተናዋን እንዴት እንዳለፈች ጠይቂልኝ። መንታዎቹን አንድ በአንድ ሳሚልኝ፤ አንዱን ሁለቴ ስመሽ እንዳታጣያቸው። አጎታችንን እንደምን ከረምክ በዪልኝ። ባለቤቴ በአክብሮት እጅ ይነሳሻል። ልጆቹ ናፍቀውሻል።

ለጋሼ ደግሞ ይህን አደራ ንገሪው። ከበሩ ስንወጣ ይቁጠረን። አምስት ከሆንን እግዜር ይመስገን። አራት ከሆንን ግን እዚያ ምንም እንዳይጠይቀኝ፤ ልጆቹን ብቻ ይቀበለኝ።

ታናሽ እህትሽ
ከሳሎናችን፣ ረቡዕ ጠዋት
ሚያዝያ 12 ቀን