በግድግዳዎ ላይ ስለተሰቀለችው እህቴ

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ዋና ሐኪም
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ እንቅልፍዎንና የምግብ ፍላጎትዎን በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ሦስቱን ለየብቻ የምጠይቅዎ፣ በሃያ ስድስት ዓመት የካርድ ክፍል አገልግሎቴ ውስጥ ሰው እንዲህ እንደሚጠየቅ ከእርስዎ በፊት ከነበሩት ሽማግሌ ሐኪም ስለተማርኩ ነው። እርስዎ ጊዜ የሚያጥርዎ ትልቅ ሰው በመሆንዎ አንድ ቃል ይበቃዎታል።

ይህን ደብዳቤ ሳላሽግ በግልጽ የጻፍኩልዎ በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ ነው። ልመናዬ አንድ ነው። ተራ መጠበቂያው ኮሪደር ላይ፣ «የወሩ አርአያ» ከሚለው ጽሑፍ ሥር የተሰቀለው የታናሽ እህቴ ፎቶግራፍ ይውረድልኝ። እህቴ ከሞተች አርባ ሰባት ቀኗ ነው። እዚያ ኮሪደር ላይ ግን አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ቀነሰች ተብላ እስከ ዛሬ ትመሰገናለች።

እህቴን ያውቋታል፤ የለበሱትን ነጭ ጋዋን የሰፋችው እሷ ናት። ወገቡ ጠበበኝ ብለው ሁለት ጊዜ ሲልኩላት፣ ሁለቴም አስፍታ፣ ተኩሳ መልሳልዎታለች። ስለ ሆድዎ ግን የትም ቦታ አንዲት ቃል አልጻፈችም፤ ሰው አክባሪ ነበረች።

ቅሬታዬን እንደ ደንቡ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. እህቴ ስትወለድ እናታችን «ድንቡሼ» አለቻት፤ ሽማግሌው ሐኪምም በመጀመሪያ ካርዷ ላይ «የፋፋች፣ ጤናማ» ብለው ጻፉ። በዚያን ጊዜ የሚያስፈራው መክሳት ነበር፤ ልጇ የከሳባት እናት ሳንባውን እዩልኝ እያለች ነበር የምትሮጠው። ካደገች በኋላ «ደልዳላ» ተባለች። እርስዎ ሲመጡ «ወፍራም» ሆነች፤ ከሥልጠና ሲመለሱ ደግሞ «ከመጠን ያለፈ ውፍረት» ሆነች። ሴትዮዋ ያችው፣ ቀሚሷም ያው ነበር። ቃሉ በተለወጠ ቁጥር የገለበጥኩት እኔ ነኝ፤ የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል ብለውም አመስግነውኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ።

፪. ሠራተኛውን ሰብስበው ስለ ውፍረት ታሪክ ያስተማሩን ቀን በሳቅ ገድለውናል። የጥንት ሐኪሞች ወፍራም ሰው አክታ የበዛበት፣ ደሙ የቀዘቀዘ ነው ብለው ኮምጣጤ ያጠጡት እንደነበር፣ ከእነሱ በኋላ የመጡት ደግሞ ነገሩ ሆዳምነትና ስንፍና ነው እያሉ ይገሥጹት እንደነበር ነገሩን። እኛ ግን በሳይንስ ነው የምንሠራው ብለው ሲጨርሱ እኔ ሞኟ ከሁሉ ቀድሜ አጨበጨብኩ። እነዚያ ኮምጣጤ አጠጪዎች ቢያንስ የበሽተኛውን እጅ ይዘው የደም ሥሩን ትርታ ያዳምጡ ነበር ይባላል። እርስዎ በአራት ዓመት ሕክምና የእህቴን ሆድ አንድ ቀን በእጅዎ አልነኩትም። ሚዛን ላይ ውጪ፣ ውረጂ፣ እራት ቀንሺ፣ በቃ! ጥርሴን ቢያመኝም ውፍረቱ ነው ይሉኛል እያለች ትስቅ ነበር።

፫. የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት አሮጌ ካርዶች በአዲስ ይገልበጡ ብለው አዘዙ። «ዋና ችግር» በሚለው ሳጥን አንድ ቃል ብቻ ይጻፍ፣ የበሽተኛ ወሬ አይገልበጥ፣ አሮጌው ካርድ ይቃጠል የሚል መመሪያም በፊርማዎ ወጣ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እህቴ ግን አልደበቀችም። ነርሷ በአሮጌው ካርድ ላይ አሥራ አንድ ጊዜ «ቀኝ ጎኔን ይወጋኛል፣ ሁለት ጉርሻ ሳልበላ እጠግባለሁ ትላለች» ብላ ጽፋላታለች። እኔ፣ የገዛ እህቷ፣ አሥራ አንዱንም ዘልዬ «ውፍረት» ብዬ ጻፍኩ። አምኜዎት ነበር፣ ክቡር ሆይ። ምነው ያን ቀን እጄን በቆረጠው!

፬. ከዚያ መክሳት ጀመረች። ቀሚሷን ሦስት ጊዜ አጠበበች። እርስዎም አጨበጨቡላት፣ አበባ ሰጧት፣ ፎቶ አስነሷት፤ ፎቶው ላይ ፈገግ ያለችው ሕመሟን ውጣ ነው። በዚያን ቀን ከግቢያችን ሰው ሁሉ ሕመሟን ያወቀው የበሩ ጥበቃ ብቻ ነበር፤ ውይ እህቴ፣ ምነው እንዲህ ከሳሽ፣ አሞሽ ነው እንዴ ብሎ ጠየቃት። ሚዛን የለውም፣ ዓይን ግን አለው፤ የደረጃ ዕድገት ቢያስቡለት አይከፋም። ጥበቃው ስላስደነገጠኝ ወደ ሌላ ሆስፒታል ወሰድኳት። እዚያ ያገኘናት ወጣት ሐኪም ሆዷን በመዳፏ ጫን አደረገችና ወዲያው ምርመራ አዘዘች። ሆዷ ውስጥ ያለው ዕጢ ተስፋፍቷል፣ ከዓመት በፊት ሐኪም ዘንድ መምጣት ነበረባችሁ አለችን። ከዓመት በፊት እኮ እርስዎ ዘንድ ነበርን!

አምስተኛ ቅሬታ የለኝም። በቀብሯ ዕለት የተሸከሟት ሰዎች ቀላል ናት ሲባባሉ ሰምቻለሁ፤ ለመዝገብዎ ይጠቅምዎት እንደሆነ ብዬ ነው።

ላደረጉልን ሁሉ ውለታዎን ከፋይ ያድርገኝ እያልኩ፣ በጋዋንዎ ውስጥ ጤናና ምቾት እንዳይለይዎ እመኛለሁ።

ሃያ ስድስት ዓመት የታዘዘችውን ሁሉ አሳምራ የገለበጠች፣ ከእንግዲህ ግን የማትገለብጥ፣
ታዛዥዎ የነበረች የካርድ ክፍል ሠራተኛ

ማስታወሻ፦ ይህን ትናንት ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፣ ፎቶ ለማውረድ ኮሚቴ መሰብሰብ አለበት እንደሚሉ ትዝ አለኝ። ስለዚህ እንዳይደክሙ ብዬ፣ ዛሬ ጠዋት የካርድ ክፍሉን ቁልፍ ላስረክብ ስመጣ ራሴ አውርጄዋለሁ። ግድግዳው ባዶ እንዳይሆንብዎም፣ ይቃጠል ብለውኝ ሳላቃጥል የቀረሁትን የእህቴን አሮጌ ካርድ፣ አሥራ አንዱም መስመር እንዲታይ አድርጌ በዚያው ፍሬም ውስጥ ሰቅዬዋለሁ። ሲገቡ ተራ ጠባቂዎቹ ከበውት ሲያነቡ ያገኟቸዋል። እባክዎ አያስነሷቸው፤ አንዳንዶቹ ጎናቸውን ይዘው ነው የሚያነቡት።