ከጤና አዳሙ ጀርባ

ሰኞ፣ የካቲት 1989፣ ገርጂ

ዛሬም አስመለሳት። አጥሚቱን ሁለቴ ጎንጨት አድርጋ መለሰችው። «አንቺ ሴትዮ፣ ሳገባሽም እንዲሁ ነበር ያቅለሸለሸሽ» አልኳት። ዘነበች ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሐኪሙ ካንሰሩ ተሰራጭቷል፣ ከእንግዲህ ቤቷ ትተኛ ብሏል።

የልጄ ልጅ ሜሮን አውሮፕላን ማረፊያ ካርጎ ነው የምትሠራው። ሐሺሽ እንዲህ ላለ በሽተኛ የምግብ ፍላጎት እንደሚመልስ፣ ውጭ አገር በሐኪም ፈቃድ ጓሮ መትከል የሚቻልበት ቦታ እንዳለ የሰማሁት ከእሷ ነው። እሷ ለወሬ ያህል ነው ያወራችው። እኔ ግን ዘሩን ከድሮ የሹፌርነት ባልደረባዬ ተቀብዬ ተከልኩ። ይኸው ግቢው ጥግ፣ ከጤና አዳሙ ጀርባ ቆማለች።

ማክሰኞ

ባልደረባዬ ያለኝን እንዳልረሳ። ፀሐይ ትወዳለች። ውሃ ከበዛባት ሥሯ ይበሰብሳል። ወንዱ ቶሎ ተነቅሎ ይጣላል (ጣልኩት፣ አንጀቴን በላው)። ሴቷም ካላበበች ጥቅም የላትም። የእኔዋ ገና እንቡጥ ናት።

የቸገረኝ ጠያቂ ነው። በሽተኛ ያለበት ቤት በሩ አይዘጋ። ሴቶቹ ሲወጡ ከጤና አዳሙ ቀንጠስ ያደርጋሉ። ዛሬ የጎረቤቴ የታዬ ሚስት እጇን ወደዚያችኛዋ ሰደደች።

«ተይ አንቺ ልጅ፣ ድመት ሸንታባታለች!»

እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ሄደች።

ረቡዕ

ታዬ ራሱ ሊጠይቃት መጣ። ጡረታ የወጣ ፖሊስ ነው፤ የዕድራችን ዳኛም እሱ። በጨዋታ መሀል፣ «ለመድኃኒት ብሎ ሐሺሽ የተከለ ሰው ምን ይሆናል?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ሕጉ ለመድኃኒት ነው፣ ለሌላ ነው ብሎ አይለይም። አንድ እግር ብትሆንም ታሳስራለች።»

«እኔስ አልታሰርም። ስንቅ የምታመላልስልኝ ተኝታብኛለች።»

አልሳቀም። ሲወጣ ጤና አዳሙ ጋ ቆም ያለ መሰለኝ።

ሐሙስ

ስለ ተክሏ ለዘነበች ነገርኳት። አንዲት ቅጠል በጣቴ አሽቼ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋሁላት።

«በስተርጅናዬ ዱርዬ ልታደርገኝ ነው?» አለች። ቅጠሏን ደግማ አሽትታ፣ «መቼ ትደርሳለች?»

«ልታብብ ነው። ትንሽ ታገሺኝ። ስትደርስ ምን ልሥራልሽ?»

«ሽሮ። ቃሪያ ያለበት። አንተ ከሠራኸው ግን ያው ይመለሳል።»

ማታ ውሃም አልወረደላትም።

ቅዳሜ

ዘነበች ትናንት ጠዋት አረፈች። በዚያው ቀን ቀበርናት።

የዕድሩ ሰዎች ግቢው ውስጥ ድንኳን ሊጥሉ ሲገቡ ተክሏ ወዲያው ትዝ አለችኝ። ልነሣ ብል ለቀስተኛው ከቦ መልሶ አስቀመጠኝ። ከቀብር ስንመለስ ጤና አዳሙ እንዳለ ነው። ከጀርባው ግን እሷ በነበረችበት የድንኳኑ ካስማ ተመቷል።

ዛሬ ታዬ አጠገቤ ተቀመጠ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ያቺን ድመት የሸናችባትን አረም ነቅዬ አቃጠልኳት። ማንም አላየም» አለኝ። እጄን ያዝ አድርጎ ቆየ።

ይሄንንማ ለዘነበች ልንገራት ብዬ ተነሣሁ። መኝታ ቤቱ በር ላይ ደረስኩ። ፍራሹን አውጥተው ፀሐይ ላይ አስጥተውታል።